ኢየሩሳሌም ከኪዮቶ በየት በኩል ናት?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የ25 ዓመት ወጣት ናት። ጎንደር ተወልዳ በ9 ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ወደ እስራኤል ገባች፤ ያደገችው ናታኒያ ነው። አሁን ጃፓን ውስጥ፣ ኪዮቶ ከተማ፣ የሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ደብዳቤዋ እኛ ቤተ እስራኤሎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በጾምና በጸሎት ስለምናከብረው ስለ ሲግድ በዓል ነው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምና ሲግድ ሐሙስ ቀን ነበር የዋለው። በቤተ ሙከራችን ሳምንታዊ ስብሰባ ስለነበረን ለማንም ሳልናገር ጾሜን ገባሁ። ጠዋት አንዲት ጃፓናዊት ጓደኛዬ በእጇ የሠራችውን የሩዝ ድቡልቡል ይዛልኝ መጣች፤ ‹ሆዴን አሞኛል› አልኳት። ማታ እናቴ ከኢየሩሳሌም ደወለችልኝ። ከኋላዋ የቄሶቹ ድምፅ ሲሰማ፣ ዣንጥላዎቹ ሲታዩ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ዘንድሮ ሲግድን እዚሁ ማክበር እፈልጋለሁ። ከምኖርበት ሰፈር አጠገብ ዳይሞንጂ የሚባል ተራራ አለ፤ ከላዩ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። እናቴ ግን ‹ቄስ በሌለበት፣ ብቻሽን በሰው አገር ተራራ ላይ ምን ልትሠሪ? ጹሚና ቤትሽ ተቀመጪ› ትለኛለች። እዚህ የማውቀው እስራኤላዊ ተማሪ ደግሞ ‹ሲግድ የእናንተ ነው፤ እኛ አናከብረውም› አለኝ። የውጭ ተማሪዎችን የሚያስተናግዱት ሰዎች በዚያው ዕለት የባህል ቀን አዘጋጅተው ነጭ ልብሴን ለብሼ መድረክ ላይ እንድወጣ ጠይቀውኛል። ፕሮፌሰሬን ፈቃድ ለመጠየቅ አፍራለሁ። ግዕዝ አልችልም። ኢየሩሳሌም ከዚህ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አላውቅም። ምን ይሻለኛል?»

ልጄ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ከጎንደር ሆኖ ለሚጸልይ ሰው ኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ናት። ከኪዮቶ ሆኖ ለሚጸልይ በስተ ምዕራብ ናት፤ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ለዚህ ኮምፓስ መግዛት አያስፈልግሽም። በዋዜማው ፀሐይ የምትጠልቅበትን ቦታ አይተሽ ያዢ፤ ከዚያ ፊትሽን ወደ ቀኝሽ መለስ አድርጊ። ዳይሞንጂ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለ ተራራ ነው። እዚያ ላይ ቆመሽ ከተማዋን ስትመለከቺ ፊትሽ ወደ ምዕራብ ነው የሚሆነው። ሳታውቂው የሚሆነውን ተራራ መርጠሻል።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር አሳዘነኝ። ሲግድን ኢየሩሳሌም ላይ ብቻ ሙሉ እንደሆነ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ጎደሎ እንደሆነ አድርገሽ ነው የያዝሽው። አንቺ በልጅነትሽ ስለሄድሽ አልፈርድብሽም። ነገር ግን ሲግድን ያቆዩት ሰዎች ኢየሩሳሌምን አላዩዋትም። አባቶቻቸውም አላዩዋትም፤ የአባቶቻቸው አባቶችም አላዩዋትም። በስደት ተራራ ላይ ቆመው ወደማያዩዋት ከተማ ሰገዱ። የበዓሉ ስም ራሱ ከግዕዙ ‹ሰገደ› የወጣ ነው፤ የአገራችን ሰው ምህላም ይለው ነበር።

እኔ ልጅ ሳለሁ ጎንደር አጠገብ ባለችው መንደር፣ አምቦበር ላይ፣ ሲግድ እንዲህ ነበር። ከአስተሰርዮ፣ ከማስተሰርያው ቀን፣ ጀምሮ ሰባት ሳምንት ተቆጥሮ 50ኛው ቀን ሲቃረብ ሰው ከየመንደሩ ተነሥቶ ይመጣል፤ ሩቅ ያለው በመንገድ ያድራል። በዋዜማው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ሲነጋ ነጭ ይለብሳል። ቄሶቹ በዣንጥላ ሥር ኦሪቱን አቅፈው ይቀድማሉ፤ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይከተላል። እናቴ ለእኔ ከእንቁላል የማይበልጥ ድንጋይ መርጣ ጭንቅላቴ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ላዩ ላይ ሲደረስ ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ይለቀሳል። ከሲና ተራራ ትእዛዛቱ ሲሰጡ ያለው ይነበባል፤ ነህምያ ይነበባል። ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ እህል በትነው ለወፎች የሚተዉም ነበሩ። ቀትር ሲሆን እየተዘመረ ይወረዳል፤ ዳቦው ይባረካል፤ ከዚያ እስክስታው እስኪመሽ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ኢየሩሳሌምን በዓይኑ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ዛሬ እኛ ኢየሩሳሌም ላይ፣ አርሞን ሐነጺቭ ከሚባለው ከፍታ ሆነን፣ የመቅደሱን ተራራ በዓይናችን እያየን እንጸልያለን። እግዚአብሔር ይመስገን። መጀመሪያ እዚያ የቆምኩ ዕለት ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከዚያ ወዲህ በልጅነቴ እንደናፈቅኩት አልናፈቅኩም። ያን ናፍቆት አሁን ያለሽ አንቺ ነሽ። ሰሎሞን መቅደሱን ሲመርቅ፣ በምርኮ አገር ሆነው ወደዚህች ከተማ ዞረው ለሚጸልዩት ስማቸው ብሎ ለምኗል፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 8 ላይ ታገኚዋለሽ። አንቺ በዚያ ጸሎት ውስጥ አለሽ።

አሁን ወደ ሩዙ ድቡልቡል ልመለስ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ወደ እስራኤል ለመሻገር ሱዳን ውስጥ መጠለያ ጣቢያ ነበርን። አይሁዶች መሆናችንን ለማንም እንዳንናገር ታዝዘን ነበር። በዚያ ዓመት ስንት ሰው እንደቀበርን ወላጆችሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም፤ በመንገድና በሱዳን የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። የሲግድ ዕለት አባቴ ገና ሳይነጋ ጎጆው ውስጥ ወደ ሰሜን ዞሮ በሹክሹክታ ጸለየ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለም። እናቴ ጠጠር አነሣችና መዳፌ ላይ አኖረች፤ ጣቶቼን አጠፈችብኝ። ጎረቤት ቁርስ ይዞ ቢመጣ ‹ሆዴን አሞኛል› እንድል አስጠኑኝ።

ያን ቃል ከ40 ዓመት በኋላ በአንቺ ደብዳቤ ውስጥ ሳገኘው ምን እንደተሰማኝ መገመት ትችያለሽ። እኛ ያልነው በነፍሳችን ፈርተን ነው። አንቺን የሚያስፈራሽ ነገር የለም፤ ያቺ ልጅ በእጇ ሠርታ ያመጣችልሽ ስለወደደችሽ ነው። ሄደሽ እውነቱን ንገሪያት። «አምና ሆዴን አላመመኝም ነበር፤ የአባቶቼ የጾም ቀን ስለነበር ነው፤ እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው» በያት። ይህን ከሁሉም ነገር በፊት አድርጊው፤ ዛሬ ማታ ብትችዪ ዛሬ ማታ።

እናትሽ ስላሉትም ልናገር። ከፊሉ ልክ ነው፤ ከፊሉ ልክ አይደለም። ‹በሰው አገር ተራራ› ያሉት ልክ አይደለም፤ የአምቦበር ተራራም የሰው አገር ተራራ ነበር። ‹ብቻሽን› ያሉት ግን ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሲግድ የጉባኤ በዓል ነው። ነህምያ ምዕራፍ 8 ሲጀምር ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ሆኖ እንደተሰበሰበ ይናገራል፤ ኃጢአቱንም የተናዘዘው በአንድነት ነው። በየግላችን የምንጾመው ጾም ሌላ አለን። ስለዚህ ብቻሽን አትውጪ። ሁለት ብትሆኑ ከአንድ ይሻላል፤ አምስት ብትሆኑ ደግሞ ምን ነገር አለ!

የመጀመሪያዋ ሰው ያቺ ጃፓናዊት ጓደኛሽ ትሁን። «አይሁድ አይደለችም፤ ምን ታደርጋለች?» እንዳትዪኝ። መጸለይም መስገድም አይጠበቅባትም፤ ከአጠገብሽ ትቆማለች፤ ዣንጥላውን ትይዝልሻለች። ዕዝራ ሕጉን ባነበበ ጊዜ አብረውት የቆሙት ለሕዝቡ እንዲገባ ትርጉሙን እየገለጡ ያነብቡ ነበር። ቄሶቻችንም ግዕዙን አንብበው በሕዝቡ ቋንቋ ይፈቱታል። አንቺም በአማርኛ አንብበሽ ጥቂቱን በጃፓንኛ ንገሪያት። ሰው ለሌላ ሲፈታ ነው ያነበበው የሚገባው።

ሁለተኛው ሰው ‹የእናንተ ነው› ያለሽ ወጣት ይሁን። ቅር እንዳለሽ ይገባኛል፤ እኔም ይህን ቃል በእስራኤል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ይቆጠቁጠኛል። ግን አንድ ጊዜ ጋብዢው። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ባወጣው ሕግ ሲግድ የመላው እስራኤል በዓል እንደሆነ ንገሪው። የሚነበበው ነህምያ የእሱም መጽሐፍ ነው፤ በዕብራይስጥ ይዞ ይምጣና አንዷን ምዕራፍ እሱ ያንብብ። አባቶቻችን በዚያ ተራራ ላይ የለመኑት ለጎንደር ሰው ብቻ ሳይሆን ለእስራኤል ሁሉ ነበር። ከመጣ እሰየው። ካልመጣም አትለማመጪው፤ ቂምም አትያዢበት፤ የምህላ ቀን ነው።

ከዚህ ሌላ ኮቤ ላይ ኦሄል ሽሎሞ የሚባል ምኩራብ አለ፤ ከኪዮቶ በባቡር ሩቅ አይደለም። ከሲግድ በፊት ባለው ሰንበት ሂጂና ሰላም በያቸው። ስለ ሲግድ ባያውቁ አይግረምሽ፤ አንቺ ንገሪያቸው።

ፕሮፌሰሩን በሚመለከት ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ዘንድሮ ሲግድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2026፣ ሰኞ ይውላል። በጃፓን አንድን ነገር ቀደም ብሎ ማማከር ራሱ አክብሮት ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት መናገር ነው ሰውን የሚያስቸግረው። ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት በሩን አንኳኪ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፤ ይቅርታም አታብዢ። ግማሽ ቀን እንደምትፈልጊ፣ በምን እንደምትተኪው፣ ለምን እንደሆነ ንገሪው። ለምንነቱ ሩቅ መሄድ የለብሽም። አንቺ የምትወጪበት ተራራ ላይ በየዓመቱ ኦገስት 16 ማታ ‹ታላቅ› የሚል ትርጉም ያለው ግዙፍ ፊደል በእሳት ይጻፋል፤ የከተማው ሰው የቀደሙ ዘመዶቹን የሚሸኝበት ምሽት ነው። እምነቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ አይደለምም። ነገር ግን ስለ አባቶች ሲባል ሥራ የሚቆምበት ቀን ምን እንደሆነ ለኪዮቶ ሰው ማስረዳት አይከብድም። እንደማይከለክልሽ እገምታለሁ። ቢከለክልሽ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጥተሽ ከስብሰባው በፊት ውረጂ፤ ጾሙን እዚያው እስከ ቀትር ትቀጥያለሽ።

የባህል ቀኑን ግን እምቢ በዪ። በዚህ ላይ አላወላውልም። ነጭ ልብስሽ በዚያ ቀን የጸሎት ልብስ ነው። ጾመኛ ሆነሽ መድረክ ላይ ወጥተሽ እንዲጨበጨብልሽ አልፈልግም። ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፤ ቀኑን አላወቁትም። «በሌላ ቀን በደስታ እመጣለሁ፤ ቡና አፍልቼ፣ እስክስታ አሳይቼ፣ ስለ ቤተ እስራኤል እናገራለሁ፤ ያን ዕለት ግን በዓሌ ነው» በያቸው። እግረ መንገድሽንም ‹የኢትዮጵያ ባህል› ከሚለው በተጨማሪ እምነትሽንና ሕዝብሽን በስማቸው እንዲጠሩ ጠይቂ።

ስለ ዕለቱ አሠራር የማውቀውን ልንገርሽ፤ ከእኔ በላይ የሆነውን ናታኒያ ያሉትን ቄሳችሁን በስልክ ጠይቂ። ስልካቸውን አባትሽ አያጡትም። ቄሱ ደግሞ ከጃፓን የሚደውል ልጅ ሲያገኙ እንዴት ደስ እንደሚላቸው ታያለሽ።

በዋዜማው ታጠቢ። ‹ወንዝ ልውረድ› ብለሽ በዚያ ብርድ ካሞ ወንዝ እንዳትገቢ፤ ቤትሽ ይበቃል። ከወንዙ ዳር ግን በእጅሽ የምትይዢው ትንሽ ድንጋይ አንሺ። ስትወርጂ ካነሣሽበት መልሺው፤ የሰው አገር ነው። ተራራው ከፍታው 500 ሜትር አይሞላም፤ ለጾመኛ አይከብድም። በሽቅብ መንገዱ የእነሱ የአምልኮ ቦታዎች አሉ፤ እሳቱ በሚነድበትም ቦታ አለ። አትጨነቂበት። በአክብሮት እለፊ፤ ከዚያ ከፍ ብለሽ ክፍት ወደሆነው ቦታ ውጪ፤ ለጸሎት ስትቆሚ ከፊትሽ ሰማይና ምዕራብ ብቻ ይሁኑ።

የቄስ ሥራ ግን አትሥሪ። ግዕዙን ከቪዲዮ ሸምድደሽ እንደ ቄስ ለማዜም አትሞክሪ፤ የእነሱ ጸሎት የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። አንቺ የሕዝቡን ድርሻ ያዢ፦ ማንበብ፣ መስማት፣ መስገድ፣ መናዘዝ። በአማርኛ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 19ን እና 20ን፣ ነህምያ ምዕራፍ 8ን እና 9ን ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። ግዕዝ አልችልም ብለሻል፤ ፊደሉን ግን ትችያለሽ፤ አማርኛ ያነበበ ግዕዝ ቆጥሮ ማንበብ አያቅተውም። ቄሱ አንዲት አጭር ቡራኬ በስልክ ያስጠኑሽ። ለዘንድሮ አንዲት ትበቃለች።

ጾሙ እስከ የትኛው ቀትር ነው ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ኪዮቶ ከኢየሩሳሌም በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ይህ ጥያቄ በጃፓን ምድር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 በሊትዌኒያ ካውናስ የነበረው የጃፓን ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራ፣ መንግሥቱ እምቢ እያለው፣ ከናዚዎች ለሚሸሹ አይሁዶች ከ2,000 በላይ የመሸጋገሪያ ቪዛ በእጁ ጽፎ ሰጠ። ሰዎቹ ሳይቤሪያን በባቡር አቋርጠው፣ ከቭላዲቮስቶክ በመርከብ ጹሩጋ ወደብ ደረሱ፤ ከዚያ ኮቤ ገቡ። በማግሥቱ ዓመት የማስተሰርያ ቀን ሲቃረብ ጨነቃቸው። የዓለም የቀን መለወጫ መስመር በየት በኩል ያልፋል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም፤ እንግዲህ በጃፓን የማስተሰርያው ቀን ረቡዕ ነው ወይስ ሐሙስ? ወደ ኢየሩሳሌም ቴሌግራም ላኩ። ረቢዎች ተሰብስበው በአገሩ ቀን፣ ረቡዕ ጹሙ አሏቸው። ሐዞን ኢሽ በሚለው ስም የሚታወቁት ሊቅ ግን ረቡዕ ብሉ፣ ሐሙስ ጹሙ ብለው መለሱ። አስቢው፤ አገራቸው እየነደደ፣ ዘመዶቻቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ፣ የጨነቃቸው በዓላቸውን በቀኑ ማክበር ነበር። አንቺ ከእነሱ በኋላ የመጣሽ ነሽ። ለሲግድ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀኑ የኪዮቶ ቀን፣ ቀትሩም የኪዮቶ ቀትር ይሁን። አንድ ቀን ጹሩጋ ሂጂ፤ የእነዚያ ስደተኞች መታሰቢያ የሚሆን ሙዚየም አለ።

ዳቦው ቀረ። ጾሙ ያለ ዳቦ አይፈታም። በእነዚያ ጠባብ የተማሪ ቤቶች ምድጃ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ልጄ እዚያ ተምራ ነበርና በስልክ አብረን የሞከርነውን ልንገርሽ። የኤሌክትሪክ ሩዝ መቀቀያ ያንቺ የሆነ፣ ሌላ ሰው ሥጋ ያልቀቀለበት ግዢ። 350 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ለብ ያለ ውሃ፤ እናትሽ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ይላኩልሽ። አቡክተሽ እዚያው ማሰሮው ውስጥ ኩፍ ይበል፤ ከዚያ ክፈቺው። ቶሎ ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ አትደንግጪ፤ ደጋግመሽ ክፈቺው። ከሥሩ ሲጠነክር ገልብጪው፤ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል ነው። የኮባ ቅጠል ሽታ የለውም፤ የድፎ መልክ ግን አለው። እንጀራ ካማረሽ ደግሞ ጤፉን በሩዝ ዱቄት ደባልቂው፤ ፎገራ ላይ እንዲህ ይጋገራል። የፎገራን የሩዝ ምርምር ከሚያግዙት መካከል ጃፓኖች እንዳሉበት ለጓደኛሽ ብትነግሪያት ደስ ይላታል።

ሁለት ዳቦ ጋግሪ። አንዱን ተራራው ላይ ይዘሽ ውጪ። ሁለተኛውን በማግሥቱ ቆራርሰሽ ወደ ቤተ ሙከራ ውሰጂ። ጃፓኖች ከመንገድ ሲመለሱ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ጣፋጭ ነገር ይዘው ይገባሉ፤ ኦሚያጌ ይሉታል፤ አንቺም ያለዚያ ገብተሽ እንደማታውቂ እገምታለሁ። ነህምያም በዚያች ቀን ሕዝቡን ሂዱ ብሉ ጠጡ ሲል፣ ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ ብሎ ነው ያሰናበተው። ለፕሮፌሰሩ ከመሀሉ ቁረጪለት።

የመጨረሻው ነገር ስለ እናትሽ ነው። በኪዮቶ ቀትር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ በእስራኤል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። እናትሽ በዚያ ሰዓት ተነሥተው ነጠላቸውን እያጣፉ ይሆናል፤ የኢየሩሳሌም አውቶቡስ በጠዋት ነው የሚነሣው። ዳቦውን ከመቁረስሽ በፊት ደውይላቸው። አስቀድሞ ፎቶ ማንሣት አያስፈልግም፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ካሜራውን ክፈቺና መጀመሪያ ጓደኛሽን ከነዣንጥላዋ አሳዪያቸው፤ ከዚያ ከተማዋን፣ ከዚያ ምዕራቡን። ይመርቁሽ፤ አንቺም አሜን በዪ፤ ከዚያ ቁረሺ።

ስንት ሆናችሁ እንደወጣችሁ ጻፊልኝ።